በንብረት ክፍፍል የተጀመረ ዕርቅ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውድቀትና ትንሣኤ

እ.ኤ.አ. በ1896፣ ከዐድዋ ድል ጥቂት ወራት በኋላ፣ እንግሊዞች በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ከምትገኘው ሞምባሳ ተነሥተው የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐዲዱ «የኡጋንዳ ባቡር» ተባለ። የተፈለገው የነጭ ዓባይን መነሻ የያዘችውን ኡጋንዳን ከባሕር ማገናኘት ነበር፤ በመካከል ያለው ሰፊ አገር ለለንደን ሹማምንት ያን ጊዜ መተላለፊያ እንጂ መድረሻ አልነበረም። ለሥራው ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከሕንድ መጡ፤ 2,500 ያህሉ በበሽታና በአደጋ አለቁ። በ1898 በጻቮ ወንዝ ላይ ድልድይ ሲሠራ ሁለት አንበሶች ሠራተኞችን ከድንኳናቸው እየነጠቁ ሥራውን አስቆሙት። በ1899 ሐዲዱ ደጋው ጫፍ ሲደርስ ረግረግ ሜዳ ላይ የዕቃ ማከማቻና የጥገና ሰፈር ተቆረቆረ። ያ ሰፈር ናይሮቢ ሆነ። በዲሴምበር 1901 ባቡሩ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ዛሬ ኪሱሙ የምትባለው ከተማ ደረሰ።

በማግሥቱ ዓመት ግን አንድ የአስተዳደር ውሳኔ የቦታውን ካርታ ለወጠው። የኡጋንዳ ምሥራቃዊ ክፍል ተቆርጦ በኋላ ኬንያ ለተባለው ግዛት ተሰጠ፤ «የኡጋንዳ ባቡር»ም ከጫፍ እስከ ጫፍ ኬንያ ውስጥ ቀረ። ወደብ አልባዋ ኡጋንዳ፣ ስሟ የተጻፈበት ሐዲድ እንኳ በጎረቤቷ ግቢ የሚያልፍ ሆነባት። ከዚያ ወዲህ በቀጣናው የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ከዚሁ መልክዓ ምድር ይቀዳል። የጋራ የሆነው ነገር በማን አገር ይቀመጣል? ትርፉስ ለማን ይደርሳል?

በገዥዎች የተሠራ አንድነት

ሦስተኛዋ ጎረቤት ታንጋኒካ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ነበረች። ጀርመኖች ከዳሬሰላም እስከ ታንጋኒካ ሐይቅ የሚዘልቅ የራሳቸውን ሐዲድ በ1914 አድርሰው ስለነበር አገሪቱ ፊቷን ወደ ራሷ ወደብ ያዞረች ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ገባች። እንግሊዞችም ሦስቱን አገሮች በአንድ መዝገብ ማስተዳደር ርካሽ ሆኖ አገኙት። ኬንያና ኡጋንዳ በ1917 የጉምሩክ ኅብረት መሥርተው ነበር፤ ታንጋኒካ በ1927 ተጨመረች። አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በሦስቱም አገር ገበያ ይሠራ ጀመር። ፖስታው፣ ባቡሩ፣ የገቢ ግብሩ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ከ1946 ጀምሮም አየር መንገዱ የጋራ ሆኑ። በ1948 ይህ ሁሉ «የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ኮሚሽን» በተባለ አካል ሥር ተሰበሰበ። የሚመሩት ሦስቱ ገዥዎች ነበሩ፤ መቀመጫው ናይሮቢ።

በዚያ ዘመን እንደዚህ የተሣሠሩ ጎረቤታሞች ብዙ አልነበሩም። ነገር ግን ትሥሥሩን የሠራው ሕዝቡ አልነበረም፤ ሕዝቡም በጥርጣሬ ያየው ነበር። በኬንያ ደጋ ሰፊ እርሻ የያዙት ነጭ ሰፋሪዎች የሦስቱን አገሮች መዋሐድ ይፈልጉ ስለነበር፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ አፍሪካውያን ውህደት ሲባል የሚሰማቸው የሰፋሪዎች አገዛዝ ነበር። በጁን 1953 የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ኦሊቨር ሊትልተን በለንደን ባደረጉት ንግግር ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ፌዴሬሽን ጠቆም ሲያደርጉ በኡጋንዳ ውስጥ ያለችው ንጉሣዊት ግዛት ቡጋንዳ ታወከች። ንጉሡ ካባካ ሙቴሳ 2ኛ አሻፈረኝ አሉ፤ በኖቬምበር የእንግሊዙ ገዥ ወደ ለንደን አጋዛቸው። የተመለሱት በ1955 ነው። «ፌዴሬሽን» የሚለው ሐሳብ በኡጋንዳ ከዚያ በኋላም ከዚህ ትዝታ ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል።

ሌላው ቅሬታ የሒሳብ ነበር። የጋራ መሥሪያ ቤቶቹ ናይሮቢ ስለነበሩ ባንኩም፣ ፋብሪካውም፣ ባለሙያውም ወደዚያው ተሳበ። የጋራ ገበያው የኬንያ ፋብሪካዎች ሸቀጣቸውን ያለ ቀረጥ ካምፓላና ዳሬሰላም እንዲሸጡ አስቻላቸው፤ ኡጋንዳና ታንጋኒካ ግን ከውጭ ሊገዙት የሚችሉትን ዕቃ ከኬንያ እየገዙ የቀረጥ ገቢያቸውን ያጡ ነበር። በ1961 ጉዳዩን የመረመረው የራይስማን ኮሚሽን ከጋራው ገቢ የተወሰነው ወደ አንድ ቋት ገብቶ ለሁለቱ የሚጠቅም ክፍፍል እንዲደረግ አስወሰነ። ገንዘቡ ቅሬታውን ቀነሰው፤ ፋብሪካዎቹ ግን ባሉበት ቀሩ።

ያልተፈጸመው ቃል

ታንጋኒካ በዲሴምበር 1961፣ ኡጋንዳ በኦክቶበር 1962 ነፃ ወጡ። የታንጋኒካው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ በ1960 ለአንድነቱ ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ ርቀው ሄደው ነበር፤ ሦስቱ አገሮች አንድ መንግሥት ሆነው ነፃ የሚወጡ ከሆነ የታንጋኒካን ነፃነት ለማዘግየት ፈቃደኛ መሆናቸውን አስታወቁ። እያንዳንዱ አገር ባንዲራውን፣ ሠራዊቱንና የተባበሩት መንግሥታት ወንበሩን ከያዘ በኋላ መልሶ እንደማይሰጥ ተረድተው ነበር።

በጁን 5 ቀን 1963፣ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኔሬሬ፣ የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴና የኬንያው ጆሞ ኬንያታ ናይሮቢ ተገናኝተው በዚያው ዓመት ፌዴሬሽን እንደሚመሠርቱ በይፋ ቃል ገቡ። ዓመቱ አለቀ፤ ፌዴሬሽኑ አልመጣም። ኦቦቴ ሥልጣን የያዙት ከቡጋንዳ ንጉሣውያን ጋር ተጣምረው ስለነበር እጃቸው የታሰረ ነበር። የውጭ ጉዳዩን ማን ይይዛል፣ ከውጭ ማን ይበደራል፣ ዋና ከተማው የት ይሁን የሚሉት ጥያቄዎች ለየብቻቸው ድርድሩን ለማፍረስ የሚበቁ ነበሩ። ኬንያም በዲሴምበር ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ጉጉቷ በረደ። የጋናው ክዋሜ ንክሩማ ደግሞ ቀጣናዊ ፌዴሬሽን አህጉራዊውን አንድነት ያሰናክላል እያሉ ይቃወሙ ነበር። በኤፕሪል 1964 አንድ ውህደት ተፈጸመ፤ እሱም በታንጋኒካና አብዮት ባካሄደችው ዛንዚባር መካከል ነበር። ታንዛኒያ የተወለደችው ከዚህ ነው።

ፌዴሬሽኑ ሲቀር የሒሳቡ ጥያቄ ገዝፎ ወጣ። በ1964 የካምፓላ ስምምነት አዳዲስ ፋብሪካዎች በሦስቱ አገሮች እንዲከፋፈሉ ቢወስንም ኬንያ ሳታጸድቀው ቀረች። ታንዛኒያም በ1965 በኬንያ ሸቀጦች ላይ የኮታ ገደብ ጣለች። በዚያው ዓመት ሦስቱም የየራሳቸውን ማዕከላዊ ባንክ እንደሚያቋቁሙ አስታወቁ፤ በ1966 አንዱ ሽልንግ ሦስት ሆነ።

አሩሻ

መለያየቱ ዳር ከመድረሱ በፊት መሪዎቹ አንድ የውጭ ሰው ጠሩ። የዴንማርኩ ኢኮኖሚስትና የቀድሞ የገንዘብ ሚኒስትር ኬልድ ፊሊፕ የመሩት ኮሚሽን የሦስቱን አገሮች ሚኒስትሮች አቀማምጦ አዲስ ውል አዘጋጀ። ውሉ በጁን 6 ቀን 1967 ካምፓላ ላይ ተፈረመ፤ በዲሴምበር 1 ሥራ ላይ ዋለ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የተባለው ይህ ነው።

ውሉን የጻፉት ሰዎች ቁስሉን ያውቁት ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከናይሮቢ ወጥቶ በሰሜን ታንዛኒያ ወዳለችው አሩሻ ሄደ። የወደቦች ኮርፖሬሽን ዳሬሰላም፣ የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ካምፓላ ተመደቡ፤ ባቡሩና አየር መንገዱ ናይሮቢ ቀሩ። ከጎረቤቶቹ ጋር ባለው የፋብሪካ ውጤቶች ንግድ ኪሣራ የሚደርስበት አገር ጀማሪ ፋብሪካውን የሚከላከልበት «የዝውውር ግብር» ተፈቀደለት። ካምፓላ ላይ የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ልማት ባንክ አሠራር ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ነበር፤ መዋጮው እኩል፣ ብድሩ ግን ለኬንያ ከመቶ 22.5፣ ለታንዛኒያና ለኡጋንዳ ለእያንዳንዳቸው ከመቶ 38.75። ባለጸጋው እኩል ከፍሎ ያነሰ እንዲወስድ በወረቀት ተስማማ ማለት ነው።

ማኅበረሰቡ በዚያ ሰሞን ለአፍሪካ አርአያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ዛምቢያና ቡሩንዲ የአባልነት ጥያቄ አቅርበው ነበር።

ውሉ የማያርቀው ነገር ግን ነበር። በዚያው በ1967 ፌብሩዋሪ ላይ ኔሬሬ በዚያችው አሩሻ ከተማ የሶሻሊዝም አዋጃቸውን አውጥተው ባንኮችንና ትልልቅ ድርጅቶችን ወርሰዋል። ኬንያ በአንጻሩ ለግል ባለሀብትና ለውጭ ኩባንያ በሯን ከፍታ ነበር። አንዱ ፋብሪካ የት እንደሚተከል በመንግሥት ዕቅድ ይወስናል፤ ሌላው ለገበያው ይተዋል። እንዲህ ባሉ ሁለት አገሮች መካከል ኢንዱስትሪ በስምምነት ማከፋፈል ከጅምሩ አዳጋች ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ከአናቱ ነበር። የማኅበረሰቡ የመጨረሻ ወሳኝ ሦስቱ ፕሬዚዳንቶች የሚቀመጡበት «ባለሥልጣን» የተባለ ጉባኤ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ካልተስማማ ነገሩ አይወሰንም። በጃንዋሪ 25 ቀን 1971 ኦቦቴ ለኮመንዌልዝ ስብሰባ ሲንጋፖር ሳሉ ጄኔራል ኢዲ አሚን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ኦቦቴ ዳሬሰላም ጥገኝነት አገኙ፤ ኔሬሬም ከአሚን ጋር በአንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም አሉ። ከዚያ በኋላ ጉባኤው አንድም ቀን አልተሰበሰበም። ባቡር፣ ወደብ፣ አውሮፕላንና ስልክ የሚያስተዳድር በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው ድርጅት፣ አናቱ በሌለበት ስድስት ዓመት ሠራ።

በ1972 አሚን እስያውያንን ሲያባርሩ የኡጋንዳ ንግድ ተሽመደመደ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የኦቦቴ ደጋፊዎች ከታንዛኒያ ተነሥተው ኡጋንዳን ወረሩ፤ ከሸፈ። በ1976 አሚን የምዕራብ ኬንያ መሬት የኡጋንዳ እንደነበር አንሥተው ይገባናል አሉ፤ የ1902ቱ የካርታ ለውጥ ከ74 ዓመት በኋላ ለጠብ ተመዘዘ። ታንዛኒያ በበኩሏ ወደ ደቡብ ዞራ ነበር። በቻይና ርዳታ ከዳሬሰላም እስከ ዛምቢያ የተዘረጋው 1,860 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሲጠናቀቅ ከናይሮቢ ይልቅ ሉሳካ ቀረበቻት። የኬንያ ከባድ መኪናዎች ወደ ዛምቢያ ሲያልፉ መንገዴን ያበላሻሉ የሚለው ክሷም፣ ቱሪስቱ ናይሮቢ አርፎ ሴሬንጌቲን አይቶ ገንዘቡን ኬንያ ጥሎ ይሄዳል የሚለው ቅሬታዋም እያደር ከረረ።

የጋራ ኮርፖሬሽኖቹ የሞቱት በጥሬ ገንዘብ እጦት ነው። በየአገሩ የተሰበሰበው ገቢ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መላኩ ተቋረጠ፤ ሁሉም ያለውን በእጁ ማስቀረት ጀመረ። በጃንዋሪ 1977 መጨረሻ የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ በዕዳ ተይዞ በረራ አቆመ። ኬንያ ወዲያው የራሷን ኬንያ ኤርዌይስ አቋቋመች። በፌብሩዋሪ 4 ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች፤ በግዛቷ የተገኙትን የኬንያ መኪናዎችና ትንንሽ አውሮፕላኖች ያዘች። የበጀት ዓመቱ በጁን 30 ሲያልቅ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚያጸድቅ ጉባኤ አልነበረም። ማኅበረሰቡ በጁላይ ወር 1977 ፈረሰ። ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ፣ በኦክቶበር 1978፣ የአሚን ጦር በካጌራ በኩል ታንዛኒያን ወረረ፤ የታንዛኒያ ሠራዊት መልሶ እያሳደደ በኤፕሪል 1979 ካምፓላ ገባ።

ሰባት ዓመት የፈጀ ክፍፍል

ማኅበረሰቡ ቢሞትም ንብረቱ አልሞተም። ሎኮሞቲቭ፣ የሐይቅ መርከብ፣ የወደብ ክሬን፣ የስልክ ጣቢያ፣ የሠራተኛ ጡረታ፣ ከውጭ ባንኮች የተወሰደ ብድር ሁሉ ባለቤቱ ያልታወቀ ሆነ። አበዳሪዎች ዕዳቸውን ከማን እንደሚጠይቁ ስለጨነቃቸው የዓለም ባንክ ገባበትና በ1977 መጨረሻ ስዊዘርላንዳዊው ዲፕሎማት ቪክቶር ኡምብሪክት አስታራቂ ሆነው ተሾሙ።

የኡምብሪክት ሥራ ውርስ የተጣሉ ወንድማማቾችን ከሚዳኝ ሽማግሌ ሥራ ብዙ አይለይም፤ መጀመሪያ ያለውን መቁጠር፣ ቀጥሎ ዋጋውን መተመን፣ ከዚያ ማን ምን እንደያዘ መመዝገብ። ሁለቱ ጎረቤቶች ሲዋጉ፣ ኡጋንዳ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ስትገለባበጥ፣ የታንዛኒያና የኬንያ ድንበር እንደተዘጋ ሳለ እሳቸው ቆጠራቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ የደረሱበት ክፍፍል ለኬንያ ከመቶ 42፣ ለታንዛኒያ 32፣ ለኡጋንዳ 26 ሆነ። ከድርሻቸው በላይ በእጃቸው የተገኘባቸው ሁለቱ አገሮች ለኡጋንዳ ካሣ ሊከፍሉ ተስማሙ።

በኖቬምበር 1983 የኬንያው ዳንኤል አራፕ ሞይ፣ ወደ ሥልጣን የተመለሱት ኦቦቴና ኔሬሬ አሩሻ ላይ ተገናኝተው የተዘጋው ድንበር እንዲከፈት ወሰኑ። በሜይ 14 ቀን 1984 በዚያው ከተማ የክፍፍሉን ውል ፈረሙ። በውሉ አንቀጽ 14 ውስጥ፣ ከዕዳና ከሀብት ዝርዝሩ መሐል፣ ሦስቱ አገሮች ወደፊት የሚተባበሩባቸውን መስኮች አጥንተው እንዲለዩ የሚያዝዝ ንዑስ አንቀጽ ገባ። መለያየታቸውን የሚያጸድቀው ሰነድ የመገናኛቸው ሕጋዊ መነሻ ሆነ።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። በ1963 የተሰጠው ቃል ሞቅ ያለ ነበር፤ ግን ማን ምን እንደሚያገኝና እንደሚያጣ የተቆጠረ ነገር አልነበረበትም። በ1967 ድርሻው በቁጥር ተጻፈ፤ ቁጥሩን የሚያስከብረው ግን የሦስት ሰዎች መልካም ግንኙነት ነበር። በ1984 ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱ መንግሥታት አንዱ ከሌላው ምን እንደወሰደ በአንድ ወረቀት ላይ አይተው ፈረሙበት። ወንድማማችነትን ደጋግሞ ማወጅ ያልቻለውን፣ በገለልተኛ ሰው የተረጋገጠ ሒሳብ ቻለው።

ሁለተኛው ማኅበረሰብ

አንቀጽ 14 ወዲያው ፍሬ አላፈራም። ታንዛኒያ በ1980 የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ማስተባበሪያ ጉባኤ መሥራች ሆና ነበር፤ ኡጋንዳም እስከ 1986 በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ቆየች። በኖቬምበር 30 ቀን 1993 የሦስትዮሽ ኮሚሽን ለማቋቋም ተፈራረሙ፤ በማርች 1996 ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ ላይ ተከፈተ፤ በኖቬምበር 30 ቀን 1999 ሞይ፣ የኡጋንዳው ዮዌሪ ሙሴቬኒና የታንዛኒያው ቤንጃሚን ምካፓ አዲሱን የማኅበረሰብ ውል ፈረሙ። በጁላይ 7 ቀን 2000 ጸንቶ ሥራ ጀመረ።

የውሉ መግቢያ የቀድሞው ማኅበረሰብ ለምን እንደፈረሰ በግልጽ ይዘረዝራል፤ የፖለቲካ ፈቃድ ማነስ፣ የግሉ ዘርፍና የሲቪል ማኅበረሰቡ አለመሳተፍ፣ ጥቅሙ በተመጣጠነ መልክ አለመከፋፈሉና ይህንን የሚያርም ፖሊሲ አለመኖሩ። መንግሥታት የራሳቸውን ውድቀት ምክንያት በአዲስ ውል መግቢያ ላይ ሲጽፉ ማየት የተለመደ አይደለም።

ትምህርቱ በሥራም ታየ። በጃንዋሪ 2005 የጉምሩክ ኅብረቱ ሲጀመር ወደ ኬንያ የሚገቡ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ዕቃዎች ወዲያው ከቀረጥ ነፃ ሆኑ፤ የተወሰኑ የኬንያ ዕቃዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሰ አምስት ዓመት የሚቆይ ቀረጥ እንዲከፍሉ ተደረገ። አቅሙ የጠነከረው አገር መጀመሪያ ከፈተ፤ የሌሎቹ ፋብሪካዎች ጊዜ አገኙ። በ2007 ሩዋንዳና ቡሩንዲ ገቡ፤ በጁላይ 2010 የሰው፣ የሸቀጥና የካፒታል ዝውውርን የሚፈቅደው የጋራ ገበያ ተጀመረ። ማላባንና ቡሲያን በመሳሰሉት የኬንያና የኡጋንዳ ድንበሮች ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቅጥር ተቀምጠው የሚፈትሹበት አሠራር መጣ፤ የከባድ መኪና ሾፌር ቀድሞ ሁለት ጊዜ ይቆም የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆም ሆነ።

የድሮው መልክዓ ምድር ግን አልተለወጠም። ቪክቶሪያ ሐይቅን ብንወስድ ግማሽ ያህሉ የታንዛኒያ ነው፤ የኬንያ ድርሻ ከመቶ 6 ገደማ ነው፤ ሆኖም የኡጋንዳ ዕቃ በአብዛኛው የሚመጣው በኬንያው ሞምባሳ በኩል ነው። ወደብ አልባዋ አገር ከሁለት በሮች መምረጥ ስትችል የመደራደር አቅሟ ስለሚጨምር፣ ኡጋንዳ በ2016 የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዋን በኬንያ በኩል ለመዘርጋት የነበረውን ሐሳብ ትታ የታንዛኒያዋን ታንጋ መረጠች። 1,443 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መስመር 1896ን በተለየ መልክ የሚያስታውስ ነው፤ ልዩነቱ አሁን የመንገዱን አቅጣጫ የምትወስነው ኡጋንዳ ራሷ መሆኗ ነው።

የአናቱ ጉድለትም ሙሉ በሙሉ አልዳነም። በአዲሱ ውል ሥር ጽሕፈት ቤት፣ የሕግ አውጪ ጉባኤና አሩሻ የሚያስችል ፍርድ ቤት አሉ። በ2006 ፍርድ ቤቱ የኬንያን የጉባኤ ተወካዮች አመራረጥ ሲያግድ ግን መንግሥታቱ ቸኩለው ውሉን አሻሻሉ። የመሪዎቹ ጉባኤ ዛሬም የሚወስነው በሙሉ ስምምነት ነው። ሩዋንዳና ኡጋንዳ ሲኳረፉ፣ ከፌብሩዋሪ 2019 እስከ ጃንዋሪ 2022 የጋቱና ድንበር ተዘግቶ የጋራ ገበያው ሊያስከፍተው አልቻለም። በ2013 የተፈረመው የገንዘብ ኅብረት በ2024 አንድ ገንዘብ እንዲያስገኝ ታቅዶ ነበር፤ ቀኑ አልፎ ወደ 2031 ተገፋ።

በዚህ መሐል አባላቱ በረከቱ። ደቡብ ሱዳን በ2016፣ ኮንጎ ኪንሻሳ በ2022፣ ሶማሊያ በ2024 ተጨመሩና ቁጥራቸው ስምንት፣ ሕዝባቸውም ከ300 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ማኅበረሰቡ አሁን ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ አትላንቲክ ይደርሳል። ስፋቱ ግን ጠቡንም አብሮ አስገባ፤ በ2022 መጨረሻ ወደ ምሥራቅ ኮንጎ የዘመተው የማኅበረሰቡ ጦር ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ ኪንሻሳ ቆይታው እንዳይራዘም ስላደረገች ወጣ። ኮንጎና ሩዋንዳ በአንድ ጉባኤ ወንበር ላይ ተቀምጠው በጦር ሜዳ መካሰሳቸውን ቀጥለዋል። እንደ አሚንና እንደ ኔሬሬ ዘመን ጉባኤው ባይቋረጥም፣ በስምምነት ብቻ የሚወስን አካል በአባላቱ መካከል ጦርነት ሲነሣ ምን ያህል አቅም እንደሚያጣ ታየ።

ኢትዮጵያ በ1960ዎቹ አንኳኩታበት የነበረው ማኅበረሰብ ዛሬ በሦስት በኩል ጎረቤቷ ነው፤ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳንና ሶማሊያ ሁሉም አባላት ናቸው፤ እሷ ግን ከውጭ ናት። አንድ ቀን ስለ መግባት ከተነጋገረች፣ ወይም በአፍሪካ ቀንድ ሌላ ኅብረት ከተነሣ፣ ከአሩሻ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ስለ ወንድማማችነት የሚሰጥ ንግግር አይሆንም። ወደብ ያለውና የሌለው፣ ፋብሪካ ያለውና ገበያ ብቻ ያለው ጎረቤታሞች ገና ሲጀምሩ፣ ገና ሳይጣሉ፣ ማን ምን እንደሚያገኝ፣ ለተጎዳው ምን እንደሚካስ፣ መሪዎቹ ባይነጋገሩ ሥራውን ማን እንደሚያስቀጥል ሊጽፉ ይገባል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ይህን ሒሳብ የሠሩት ከተለያዩ በኋላ ስለሆነ፣ ዋጋው አንድ ጦርነትና ከሃያ ዓመት በላይ የባከነ ጊዜ ሆኖባቸዋል።